ሥራ ሳይቋረጥ

ግንቦት 2016 ዓ.ም. ላይ በዲፓርትመንታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። አራት መስመር ናት። የሁለተኛ ፎቅ ቢሮዎች እንደሚታደሱ፣ ሥራው 45 ቀን እንደሚፈጅ፣ ለሚደርሰው መጉላላት ከወዲሁ ይቅርታ እንደሚጠየቅ ትገልጽና «እድሳቱ የሚከናወነው መደበኛው ሥራ ሳይቋረጥ ነው» ብላ ትዘጋለች። ማኅተም አላት፣ ፊርማ አላት። እኛ የኮንስትራክሽን ተማሪዎች ወረቀቷን አንብበን ደስ ነው ያለን። በስላይድ ብቻ የምናውቀው ነገር ደጃችን ድረስ መጣልን፤ ሳይት ለማየት ታክሲ መጋፋት ቀረ! ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ ግን ያ ደስታ ሳይሆን ያቺ የመጨረሻዋ ሐረግ ናት። «ሥራ ሳይቋረጥ» ሲባል የማን ሥራ ነው? ሳይቋረጥ የሚቀጥለውስ በማን ትከሻ ነው?

መጀመሪያ ሥራውን ላስረዳ። ፎቁ ላይ 14 ክፍል አለ፤ መካከሉ ላይ ረጅም ኮሪደር፣ ጫፉ ላይ መጸዳጃ ቤት። የዲፓርትመንት ኃላፊው፣ ጸሐፊዋ፣ የመዝገብ ክፍሉና ወደ 20 የሚጠጉ መምህራን እዚያ ነው ያሉት። የወለሉ ፕላስቲክ ታይል ተነስቶ ሴራሚክ ይነጠፋል፤ የቺፕውድ ኮርኒሱ ወርዶ በጂፕሰም ይተካል፤ ግድግዳው ተፍቆ ቀለም ይቀባል፤ ሁለት ትልልቅ ክፍሎች በአሉሚኒየም ፓርቲሽን ለአራት ይከፈላሉ፤ የመብራትና የኔትወርክ መስመር እንደገና ይዘረጋል፤ የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ይቀየራል። ሕንፃው ባዶ ቢሆን 45 ቀን ይበቃዋል፣ አልዋሽም። ነገር ግን ሕንፃው ባዶ አልነበረም። ግንቦትና ሰኔ ደግሞ የፈተና፣ የግሬድ፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የክሊራንስ ወራት ናቸው። በዓመት ውስጥ ያ ኮሪደር በሰው የሚጨናነቅበት ጊዜ ቢፈለግ ከዚህ የባሰ አይገኝም።

ሰው ሁሉ «ምነው ክረምት እስኪገባ ቢጠብቁ?» ይላል። እኔም ብያለሁ። መልሱ ያለው ካላንደር ላይ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ሐምሌ ላይ በጀቱ ጸደቀ ቢባልም የሥራ ዝርዝር ማዘጋጀት፣ ጨረታ ማውጣት፣ ሰነድ መሸጥ፣ መገምገም፣ ቅሬታ መስማት፣ ውል መፈራረም አለ። ይሄ ሁሉ አልፎ ኮንትራክተሩ ሳይት የሚረከበው መጋቢት ላይ ከሆነ እሰየው ነው። የእኛው ግንቦት ደረሰ። ስለዚህ ገንዘቡ የሚጣደፈው ሕንፃው ሲጨናነቅ ነው፤ ሕንፃው ሰፋ ሲል ደግሞ ገንዘቡ ገና ወረቀት ላይ ነው። ክረምት ቢጠበቅስ? ሐምሌና ነሐሴ ልስንም ቀለምም ቶሎ አይደርቅም፤ ግቢውም ቢሆን ባዶ አይሆንም፣ የክረምት ተማሪዎች ይገቡበታል። አንድ መምህራችን እየሳቀ «ዩኒቨርሲቲ ባዶ የሚሆነው በጳጉሜን ብቻ ነው» ያለው ወዶ አይደለም።

እንግዲህ ሥራው ተጀመረ። የመጀመሪያው ሳምንት የማፍረስ ሳምንት ነበር። ጸሐፊያችንን (እትዬ ነው የምንላት፣ ስሟን የሚጠራ ተማሪ የለም) በሦስተኛው ቀን ከክፍሏ አስወጥተው ኮሪደሩ ላይ፣ ከደረጃው ራስ አጠገብ፣ ጠረጴዛዋን አስቀመጡላት። ኮምፒውተሯ በኤክስቴንሽን ገመድ ከሦስተኛ ፎቅ መብራት ወረደለት። ፕሪንተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ስታበቃ ወረቀት የሚወጣበትን ብቻ ከፈተችው። «እዚህ ሆነሽ ትሠሪያለሽ?» ብዬ ስጠይቃት «ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ፣ የእናንተ ግሬድ እንደ ሴራሚክ ቆይቶ አይነጠፍ» አለችኝ።

ስለ ድምፁ ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ትንሽ ይረብሻል» ብሎ ያልፈዋል። የሁለት ሰው ተራ ጭውውት 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ኮንክሪት የሚበሳ ድሪል አጠገቡ ላለ ሰው 100 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል። ዴሲቤል በሎጋሪዝም የሚሄድ መለኪያ በመሆኑ የ40 ልዩነት ማለት የድምፁ ኃይል 10,000 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኛ ጆሮ የሚመክረው ወሰን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ስትደርስ የሚቀርህ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ድሪሉን የያዘው ልጅ ጆሮው ላይ ምንም አልነበረውም። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ አንድ መምህር የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሲገመግም፣ ድሪሉ በቆመ ቁጥር «እሺ፣ ቀጥል» ሲል ይሰማል። ተማሪው ሜቶዶሎጂውን በሦስት ድሪል መካከል አቀረበ።

አቧራው ግን ከድምፁ ይከፋል፣ ምክንያቱም ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም። ኮንክሪት፣ ብሎኬት፣ ልስን፣ ሴራሚክ፣ አሸዋ ያለበት ነገር ሁሉ በደረቁ ሲቆረጥ የሲሊካ ብናኝ ያወጣል። ጠረጴዛ ላይ የሚታየው አቧራ ብዙም አያስፈራም፤ አፍንጫ ይይዘዋል። ሳንባ ድረስ የሚዘልቀው ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው ነው፤ ያንን ዓይን አያየውም። ለዓመታት የተነፈሰው ሰው ሲሊኮሲስ የሚባል የማይድን የሳንባ በሽታ ይይዘዋል። መድኃኒቱ ደግሞ ውድ አይደለም፤ ውሃ ነው። ሴራሚኩን እያረጠቡ መቁረጥ፣ ግድግዳውን እያረጠቡ መፋቅ። ቀለሙን በደረቁ መፋቅ ሌላም ጣጣ አለው። የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል (የምንጽፍበት ማለቴ አይደለም፣ እሱ ግራፋይት ነው፤ ብረቱን ነው)። በሀገራችን በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ የሚያዝ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የእኛ ግድግዳ ከዚያ በፊት ስንቴ እንደተቀባ ቅርፊቱን አይቶ መቁጠር ይቻላል፤ እኔ አምስት ድረስ ቆጥሬያለሁ። አምስቱም በወረቀት ብርጭቆ ተፍቀው አየር ላይ ወጡ።

እትዬ በሁለተኛው ሳምንት ማሳል ጀመረች። ሻሿን አፏ ላይ አስራ ትጽፋለች። ክሊኒክ ሄዳ የሦስት ቀን እረፍት ተሰጣት፤ በሁለተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ለምን እንደመጣች ለመረዳት የመዝገቡን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

የመዝገብ ክፍሉ ሲፈርስ ማህደሩ ሁሉ ወደ ካርቶን ገባ። እኔና ሦስት የክፍል ጓደኞቼ ነን ያሸግነው። ከሰባት የብረት ካቢኔት 112 ካርቶን ወጣ። እትዬ በአንድ ባለ 50 ገጽ ደብተር ላይ የእያንዳንዱን ካርቶን ቁጥርና በውስጡ ያለውን በእጇ ጻፈች፤ «47፣ የ1988 ባች፣ የ2ኛ ዓመት ሮስተር፣ ከ«ሀ» እስከ «ተ»»። ካርቶኖቹ ኮሪደሩ ዳር በአምስት በአምስት ተደራረቡ። የሚፈልጉት ካርቶን ምንጊዜም ከታች ነው፣ ይሄ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን አይቀርም። ደብተሩ ያለው በእሷ ቦርሳ፣ የደብተሩ ቁልፍ ያለው ደግሞ በእሷ ጭንቅላት ነው። ስለዚህ እሷ ስትቀር ዲፓርትመንቱ አለ፣ ግን መዝገብ የለውም።

ፎርማኑን አንድ ቀን ሻይ ሰዓት ላይ ያዝኩት። ትልቅ ሰው ነው፤ ብዙ ሳይት የዋለ። «ለምን በክፍል በክፍል አትሠሩም?» አልኩት። «አራት ክፍል ባዶ አድርጋችሁ ከኮርኒስ እስከ ወለል ጨርሳችሁ ብታስረክቡ፣ ሰዉ ወደተጠናቀቀው ይገባል፣ እናንተ ወደሚቀጥለው ትሄዳላችሁ።» ክላስ ላይ የተማርነው ይሄንኑ ነው። ሰውዬው አልተቆጣኝም። «ልክ ነህ ወንድሜ፣ ግን ሴራሚክ ነጣፊው የሚከፈለው በካሬ ነው። ዛሬ አራት ክፍል ነጥፎ ለሁለት ሳምንት ቢቀመጥ ሌላ ሳይት ይሄድብኛል፤ ስጠራው አይመጣም። እኔ የሚያዋጣኝ ኮርኒሱን ሁሉ በአንዴ ማውረድ፣ መብራቱን ሁሉ በአንዴ መዘርጋት፣ ወለሉን ሁሉ በአንዴ መንጠፍ ነው።» እሱም ልክ ነው። ባዶ ሕንፃ ላይ ሥራ የሚከፋፈለው በሙያ ነው፤ ሰው ያለበት ሕንፃ ላይ ግን በክፍል መከፋፈል አለበት። የእኛ ሕንፃ ሰው እያለበት እንደ ባዶ ተሠራ። 14ቱም ክፍል በአንዴ ፈርሶ 14ቱም በአንዴ እስኪያልቅ ማንም የሚገባበት ቦታ አልነበረውም።

ቢል ኦፍ ኳንቲቲውን ለማየት ፈቃድ ጠይቄ አገላብጬዋለሁ። ወለል በካሬ ሜትር፣ ቀለም በካሬ ሜትር፣ ፓርቲሽን በካሬ ሜትር፣ ሶኬት በቁጥር ተዘርዝሯል። ካቢኔት ማንሳትና መመለስ የሚል መስመር የለም። ጊዜያዊ የአቧራ መከላከያ የለም። የሚሠራበት ሰዓት ገደብ የለም። ሠራተኛ እስኪመለስ የሚቆይበት መሸጋገሪያ ክፍል የለም። ጨረታው በአነስተኛ ዋጋ የሚታይ ስለሆነ ያልተጠየቀውን ነገር ዋጋ ሰጥቶ የሚገባ ተጫራች ደግሞ ይሸነፋል። ስለዚህ ኮንትራክተሩን ብቻ መርገም አይገባም፤ የተጻፈለትን ሠርቷል። ያልተጻፈ ሥራ አይከፈልም፤ ያልተከፈለው ሥራ ግን መሠራቱ አይቀርም፣ የሚሠሩት ጸሐፊና ተማሪ፣ ጽዳትና ጥበቃ ናቸው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰነድ ነው።

ፍርስራሹን በባሬላና በጆንያ የሚያወርዱት የቀን ሠራተኞች አብዛኞቹ የእኛ እድሜ ናቸው። አንዷ ልጅ 12ኛ ክፍል ጨርሳ ነጥብ ያልመጣላት ናት። ደረጃው ላይ ስንገናኝ መንገድ ለቅቄላት ቆምኩ። «እለፍ እለፍ፣ አንተ ክላስ አለህ» አለችኝ። ከዚያ ጆንያውን አስደግፋ ትንፋሿን እየሰበሰበች «እኔም ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ በጆንያ» ብላ ሳቀች። ምን ብዬ እንደምመልስ አጣሁ። ያንን ጆንያ በቀን ስንት ጊዜ ታወርዳለች ብዬ አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ቆጥሬያለሁ፤ ሰላሳ ስድስት ጊዜ። እሷ ፊቷ ላይ ያለው ነጠላ ነው፤ ማስክ ያየሁት አማካሪ መሐንዲሱ ሳይት ሊጎበኝ የመጣ ቀን ብቻ ነው፣ እሱ ራሱ አድርጎት።

ሰኔ ላይ ነው ነገሩ የከፋው። የመጸዳጃ ቤቱን ቧንቧ ፈትተው መጋጠሚያውን በጊዜያዊ መክደኛ ደፍነው ሄዱ። ያን ቀን ውሃ አልነበረም። በግቢያችን ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው። ሌሊት መጣ። መክደኛው አልያዘም፤ ዋናው መቆጣጠሪያ ያለበት ክፍል ቁልፍ ደግሞ በሰብ ኮንትራክተሩ ኪስ አዳሩን ውጭ አደረ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስንደርስ ኮሪደሩ ላይ ውሃው ቁርጭምጭሚት ባይደርስም ካርቶን ደርሷል። ከታች ያሉት 23 ካርቶኖች ረጥበዋል። ካርቶን እንደ ስፖንጅ ነው፤ ሁለት ሦስት ላይም ሳብ አድርጎታል።

እትዬ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ደብተሯን አውጥታ የረጠቡትን ቁጥሮች እያየች ምልክት አደረገች። ከዚያ «ከ1994 ወዲህ ያሉትን ተዉአቸው፣ ኮምፒውተር ላይ አሉ። ከዚያ በፊት ያሉትን አምጡልኝ» አለች። ያኔ ነው እውቀት ምን እንደሆነ የገባኝ። 23ቱ ወደ 9 ወረዱ።

የረጠበ ወረቀት በ48 ሰዓት ገደማ ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምረዋል። በኃይል ገጹን ለመለያየት ከተሞከረ ደግሞ ይቀደዳል። የሥዕል ክፍሉን (የድሮዊንግ ስቱዲዮውን ማለቴ ነው) አስከፍተን ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ወጠርን። በየገጹ መካከል ባዶ ወረቀት እየከተትን ውሃውን ካስመጠጥን በኋላ የሚለየውን በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልነው፤ የማይለየውን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተን መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትን፣ ሁለት ቬንትሌተር አመጣን። መቆንጠጫው ከየት መጣ ብትሉ፣ ከሴቶች ዶርም ነው። ለዚያ ቀን ልብሳቸውን መሬት ላይ ያሰጡ እህቶቻችንን በዚህ አጋጣሚ ላመሰግን እወዳለሁ።

እዚያ አንድ ነገር አስተዋልን። ሮስተሮቹ የተሞሉት በተራ እስኪርቢቶ ነው፤ የእስኪርቢቶ ቀለም ዘይት ስላለበት ውሃ ብዙም አይነካውም። የድሮ ኃላፊዎች ግን የሚፈርሙት በብዕር ነበር፤ የብዕር ቀለም በውሃ የተበጠበጠ ነው፣ ውሃ ሲያገኝ ይሄዳል። ስለዚህ ነጥቦቹ ቀሩ፣ ፊርማዎቹ ሄዱ። በየገጹ ግርጌ ሰማያዊ ደመና ብቻ ቀረ።

በዚያው ሳምንት አንድ ሰው ከሩቅ ወረዳ መጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከዚሁ ዲፓርትመንት በዲፕሎማ የተመረቀ፣ ጸጉሩ ሸበት ያለ ሰው ነው። የደረጃ እድገት ተወዳድሮ ኦሪጅናል ትራንስክሪፕት በአምስት ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ ተጠይቋል። እትዬ ደብተሯን አየች፤ ካርቶን 31። ከረጠቡት ነው። ሰውዬው ስቱዲዮው ድረስ ገብቶ ሲባጎው ላይ የተሰቀለውን የራሱን ስም አየው። ስሙ አለ፣ ነጥቡ አለ፣ ፊርማው የለም። ፊርማ የሌለውን ሮስተር ይዞ ሬጅስትራር ትራንስክሪፕት አይሠራም፤ እነሱም አይፈረድባቸውም። ኃላፊው የአካዳሚክ ኮሚሽን አባላትን በአንድ ጎዶሎ ክፍል ውስጥ፣ ወንበር ስላልነበረ በቁማቸው ሰብስቦ ሮስተሩ በውሃ መጎዳቱን፣ ነጥቡ ግን የሚነበብ መሆኑን የሚያረጋግጥ ቃለ ጉባኤ አስያዘ። በድሪሉ ምክንያት ጸሐፊው የሚባለውን መስማት አቅቶት ሦስት ጊዜ አስደገመ። ሰውዬው በአራተኛው ቀን ወረቀቱን ይዞ ወደ አውቶቡስ ተራ ሄደ። ይደረስ አይደረስ የሰማነው ነገር የለም።

ለሌላ ዓላማ የተሠራ ቤት ቢሮ ማድረግ፣ ቢሮውንም እየሠሩበት መለዋወጥ በእኛ ሀገር የዩኒቨርሲቲ ታሪክ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። ስድስት ኪሎ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ባለሥልጣናት የተገደሉበት ቤት ነው። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ላይ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በይፋ ተከፈተበት። በ1955 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተና ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ገባ። የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል ዛሬም በሙዚየሙ ውስጥ እንዳለ ይታያል። አንደኛ ዓመት እያለን ለጉብኝት ሄደን ሁላችንም ገንዳውን ነበር ያየነው። አሁን ብመለስ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ የመብራት ገመዱ በየት በኩል እንዳለፈ፣ ማን የትኛውን በር እንደዘጋ፣ የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች ጠረጴዛቸውን የት እንዳኖሩ።

እድሳቱ በ45ኛው ሳይሆን በ71ኛው ቀን አለቀ። ሲያልቅ አምሯል፤ ይሄን መካድ አይገባም። ኮሪደሩ ብርሃን አገኘ፣ መምህራን ለአራት ይጋሩት የነበረው ክፍል ለሁለት ሆነ፣ የተቃጠለ ሶኬት የለም። የሦስተኛ ፎቁ ተራ ሊደርስ ሲል ኃላፊው የእኛን ክፍል «እስኪ እናንተ አንድ ገጽ ሐሳብ አምጡ» አለን። አመጣን። ስቱዲዮው መሸጋገሪያ ይሁን፤ አራት አራት ክፍል እየተለቀቀ ተጠናቆ ይረከብ፤ መብሳትና መቁረጥ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊትና ቅዳሜ ይሁን፤ ሁሉም ነገር በውሃ ይቆረጥ፤ ማህደር ከወለል ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ይቀመጥ፤ እቃ ማንሳት፣ መሸፈንና ማስክ በቢል ኦፍ ኳንቲቲው ውስጥ የየራሳቸው መስመርና ዋጋ ይኑራቸው። እትዬ ገጹን አንብባ በእጅ ጽሑፏ አንድ ጨመረችበት፤ «የውሃ ቁልፍ ማታ ማታ ለጥበቃ ይሰጥ»። የቁልፉና የጣውላው ሐሳብ ወዲያው ተቀባይነት አገኘ። የመሸጋገሪያ ክፍሉ «ይታያል» ተብሏል። የዋጋው መስመር ወደ ግዥ ክፍል ተልኳል።

እሷ ለራሷ የጠየቀችው ግን ሌላ ነው። አዲሱ ፓርቲሽን የድሮ ክፍሏን ለሁለት ሲከፍለው መስኮቱ በማዶ በኩል ቀረ። ፕላኑን የሠራው ሰው ክፍሉን የለካው ካቢኔቶቹ ሳይነሱ ስለነበር መስኮቱ ከካቢኔቱ ጀርባ ተደብቆበት ይሆናል፣ ወይም ጸሐፊ መስኮት አያስፈልጋትም ብሎ ይሆናል። አሉሚኒየሙን ከላይ በኩል ቆርጦ መስታወቱን ተንሸራታች ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሥዕሉን እኔው ሠርቼ ሰጥቻለሁ። ለጊዜው ግን ማሳሏ ሲነሳ ግድግዳውን በእስኪርቢቶዋ ታንኳኳለች፤ ከማዶ ያለው መምህር ካለ መስኮቱንም በሩንም ይከፍትላታል።